ስእለት የማይደርሰው አሸንዳ

ለዣንጥላ የሚሳል ሰው ሞልቷል። ለምንጣፍ፣ ለመጋረጃ፣ ለጧፍና ለዕጣን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ለድምፅ ማጉያ የሚሳልም አይጠፋም። «ልጄ ቪዛው ከተመታለት ለጣራህ አንድ ኪሎ ምስማር አስገባለሁ» ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ቅዱሳን ምስማር አይቀበሉም የሚል ትምህርት ሰምቼም አላውቅ። እንዲሁ ምስማር ተሸክሞ በእልልታ መካከል ማለፍ ግርማ ሞገስ ስለሌለው ነው።

የአጥቢያችን ጣራ ያፈሳል። ሰበካ ጉባኤውም ያውቃል። ሰበካ ጉባኤ ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተመርጦ ለሦስት ዓመት የሚሠራ ነው፤ ሊቀመንበሩ የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። መተዳደሪያው ቃለ ዓዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1967 ዓ.ም፣ ደርግ መሬቱንም ትርፍ ቤቱንም ሲወርስ ቤተ ክርስቲያን በምእመናን ኪስ ላይ ቀረች፤ ደግነቱ ኪሱን የሚያስተባብር ጉባኤ አስቀድሞ ተቋቁሟል። ዝናብ ሳይመጣ ጣራ መድፈን ማለት ይህ ነው። በእኛ አጥቢያ ከዚያ ወዲህ አልተደገመም።

ምርጫው አያስቸግርም። ከቅዳሴ በኋላ አንዱ ይነሣና «ጋሽ እገሌ እኮ ባንክ ነበሩ» ይላል። በሒሳብ ይሁን በጥበቃ የሚጠይቅ የለም። «ይሁኑ! ይሁኑ!» ተብሎ ጋሽ እገሌ ገንዘብ ያዥ ሆነው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ችግር የሚመጣው ቁጥጥር ሆኖ የተመረጠው ሰው ሥራውን የምር የያዘው እንደሆነ ነው። ደረሰኝ ሲጠይቅ ፊት ሁሉ ይጠቁራል። «የእግዚአብሔር ቤት እኮ ነው፤ እሱ ያያል!» ይባላል። ያያል። ግን አይፈርምም፤ ከሀገረ ስብከት የሚመጣው ኦዲተር ደግሞ የሚፈልገው ፊርማ ነው።

ሙዳየ ምጽዋት በሚከፈትበት ቀን ደግሞ የምእመኑ ጠባይ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። መስከረም 2013 ዓ.ም የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። በእኛ ሣጥን ጊዜው ገና አላለቀም። ባለሱቅ የመለሰው፣ የታክሲ ረዳት የተሳደበበት፣ በፕላስተር የተጣበቀ ብር ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው፤ ጻድቁ «ቀይሪልኝ» አይሉም በሚል ጽኑ እምነት።

ደብሩን ቀጥ አድርጎ የያዘው ዣንጥላ ነው። በንግሥ ቀን አንዱ ማይክሮፎን ይዞ «ይህ ጥላ 3 ሺህ ብር ተባለ! አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!» ይላል። ያሸነፈው ሰው «ለታቦቱ ይሁን» ብሎ እዚያው ይተወዋል። በዓመቱ ያው ጥላ ተመልሶ ይወጣል። አንድ ሐምራዊ ጥላ አውቃለሁ፤ ከደብሩ ቋሚ ሠራተኞች እንደ እሱ ገቢ ያስገባ የለም፤ ጡረታ ቢታሰብለት አልቃወምም። ስማቸው እንዳይጠራ የሚሹ እናትም ይመጣሉ። «ስሜ ይቆይ ያሉ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ባለ ሰማያዊ በር እናታችን፣ 5 ሺህ ብር! እልል በሉላቸው!» ይባላል፤ ስማቸው አልተጠራም።

ክረምት ሲገባ እነዚያው ጥላዎች ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ተዘርግተው ይታያሉ። እንግዳ ሰው ለሥርዓቱ ይመስለዋል። መሪጌታ ላይ እየዘነበ ነው።

ታዲያ ለምን አይጠገንም? ጥገና አይመረቅማ! ለመሠረት ድንጋይ ጳጳስ ይጋበዛሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል። አሸንዳ ከወይራ ቅጠልና ከርግብ ኩስ ሲጠረግ ማን ይጋበዛል? ስለዚህ «ጣራው ያፈሳል» የሚል አጀንዳ በገባ ቁጥር ስብሰባው የሚበተነው «ዘመናዊ ባለ ሦስት ጉልላት ሕንፃ ይሠራ» ብሎ ነው። ወዲያው ካላንደር ይታተማል። ያልተሠራው ሕንፃ ካላንደሩ ላይ ጠጠር የሌለበት ሣር መካከል ቆሞ ያበራል። ካላንደሩ አርጅቶ የዳቦ መጠቅለያ ሆኗል፤ ሕንፃው ገና ነው። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግን ሥራውን አላቆመም፤ ግድግዳው ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ውኃ እየወረደበት ቡላ ሆኗል።

አንድ መሐንዲስ ወንድማችን «እኔ በነፃ ነው የምሠራው» ብሎ ነበር። እልል ተባለለት። በነፃ የሚሠራ ሰው አይቀጠርም፣ አይከሰስም፣ አይመጣም። እስኪመጣ ድረስ ላስቲክ ይወጠር ተባለ፤ ጊዜያዊ ነው። ይህ ቃል ያስፈራኛል። ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ በ2000 ዓ.ም ግድም የተተከለው የብረት መጠለያም ጊዜያዊ ነበር፤ አሁን ዝናቡን ትተው እሱ ራሱ ያሰጋናል የሚሉ አሉ። ጣራቸው አለት የሆነው እንዲህ ከሆኑ የእኛ ላስቲክ ምን ይሆን?

በመጨረሻ ቆርቆሮ ይገዛ ተባለና ሦስት ፕሮፎርማ ቀረበ። ከሦስት የተለያዩ ሱቆች ነው፤ ሦስቱም «ቆሮቆሮ» ብለው ጽፈዋል። ይህን ያስተዋለው ቁጥጥሩ ብቻ ነበር፤ «ወንድሜ፣ ሆሄ ለመቁጠር ነው የተመረጥከው?» ተባለ። ክርክሩ የተነሣው በጌጁ ነው። 28 ጌጅ ወይስ 35? አባላቱ በድምፅ ብልጫ 35ን መረጡ፤ ለእግዚአብሔር ቤት ትልቁ ይገባል ብለው። በቆርቆሮ ቁጥሩ ሲያድግ ብረቱ እንደሚሳሳ አንድ አናጢ እጁን አውጥቶ ሊናገር ነበር፤ አባል ስላልሆነ ዕድል አልተሰጠውም።

ገንዘቡ ታዲያ ከየት ይምጣ? የጥላው ዘዴ ይሞከር ተባለና ቆርቆሮው ራሱ በንግሥ ቀን ለጨረታ ወጣ፤ የገዛ ሰው ስሙ በቀለም ይጻፍበታል። እንዲህ ያለ ሽሚያ አይቼ አላውቅም። በዋናው በር በኩል ያለው የጣራ ክፍል አስቀድሶ የሚወጣ ሰው ሁሉ ቀና ሲል የሚያየው ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተሸጦ አለቀ። ተሸንፈው የተቆጡትን ለማስታረቅ በላዩ ሁለተኛ ድርብ ተመታ። ከቤተልሔሙ በኩል ያለው፣ የሚያፈሰው፣ ገዢ አጣ። ለመጪው ንግሥ በቅናሽ እንዲቀርብ ቃለ ጉባኤ ተይዟል።