የገዛ ቤት በሰው ስም

ወዳጄ አሜሪካ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ ባጠራቀማት ገንዘብ አዲስ አበባ ቤት ገዛ። ገዛ ስል ብሩን ላከ ማለቴ ነው፤ ካርታው የወጣው በወንድሙ ስም ነው። «አንተ ዜግነት ቀይረሃል፣ አይፈቀድልህም» ብለውት። አምና ወንድምየው አረፈ። ሚስቱና ልጆቹ የወራሽነት ማስረጃ አወጡ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ የሚያውቁት የአባታቸውን ቤት ነው።

ክልከላው ነበረ፣ እውነት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ ያለ ልዩ ፈቃድ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። ወዳጄን ግን አይመለከተውም ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ትውልደ ኢትዮጵያውያንን ከዚህ ክልከላ አውጥቷቸዋል። ቢጫ ካርዱን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያውን፣ ይዞ ውልና ማስረጃ ቢሄድ በራሱ ስም ይዋዋል ነበር። ይህን የነገረው ሰው አልነበረም፤ በወንድምህ ስም ግዛ የሚለው ግን ሞልቶ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በሩ ለሌሎች የውጭ ዜጎችም ተከፈተ፤ ቢያንስ 150 ሺህ ዶላር ለሚያወጣ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑ አልተነካም። እኔ መከፈቱን አልቃወምም፤ የሚያሳስበኝ የዋጋው ወለል ነው። ዓመታት እዚሁ ኖሮ፣ እዚሁ ሠርቶ፣ አንዲት ኮንዶሚኒየም የመግዛት አቅም ብቻ ያለው የውጭ ሰው የት ይሂድ? ስም የሚያበድር ፍለጋ ነው የሚሄደው።

ታይላንድን ማየት ይበቃል። የውጭ ዜጎች ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ እስከ 49 በመቶውን መያዝ ይችላሉ፤ መሬት ግን ክልክል ነው። ስለዚህ ግቢ ያለው ቤት ያማረው ባል በታይላንዳዊት ሚስቱ ስም ያስገዛል። መሬት ቢሮው ታዲያ ዝም ብሎ አያዛውርም፤ ገንዘቡ የእሷ የግሏ ነው ብሎ እንዲፈርም ያደርገዋል። የተጣሉ ዕለት ያቺ ፊርማ ትወጣለች።

በእኛም ሕግ፣ በአንቀጽ 1195፣ ካርታው በስሙ የወጣለት ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ግምቱን ማፍረስ የተከራካሪው ፈንታ ነው። ወዳጄ ባለፈው ሳምንት የሃዋላ ደረሰኞቹን በፌስታል ይዞ ጠበቃ ጋ ሄዶ ነበር። አንድ በአንድ ዘረገፏቸው። የተላከበት ምክንያት በሚለው ቦታ ሁሉም ላይ የተጻፈው «ለቤተሰብ ድጎማ» ነው።