የቱ ጭጋግ?

«ይህ የጦርነት ጭጋግ ይባላል።»

የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ፒት ሄግሴት ኅዳር 2018 ዓ.ም. በካቢኔ ስብሰባ ላይ የሰጡት መልስ ነው። ይቅርታ፣ አሁን «የጦርነት ሚኒስትር» መባል ነው የሚፈልጉት። የተጠየቁት ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ዕፅ ታዘዋውራለች ብሎ በካሪቢያን ባሕር ላይ ስለመታት ጀልባ ነበር። 11 ሰው ነበረባት። ከመጀመሪያው ምት ሁለት ሰዎች ተርፈው ስብርባሪው ላይ ተንጠለጠሉ። ሁለተኛ ምት ተላከና እነሱም ሞቱ። ሚኒስትሩ የመጀመሪያውን በቀጥታ አይቼ ወደሚቀጥለው ስብሰባዬ ሄድኩ፣ የተረፈ ሰው ግን አላየሁም ይላሉ። እሳት ነበር፣ ጭጋግ ነበር።

የቱ ጭጋግ? ጭጋግ የሚባለው ጥይት ከየት እንደሚመጣብህ ሳታውቅ፣ ጓደኛህ አጠገብህ ወድቆ፣ በደቂቃ ውስጥ መወሰን ሲኖርብህ ነው። እዚህ የተኮሰ የለም። ካሜራ ከላይ ሆኖ ይቀርጻል፣ አዛዡ ደግሞ ከባሕሩ ርቆ ተቀምጦ ስክሪን ያያል። ኧረ እንተዛዘን!

ዋይት ሀውስ በበኩሉ ሌላ ማብራሪያ አለው። ሁለተኛው ምት ጀልባዋ መውደሟን ለማረጋገጥ ነው፣ ሕጋዊም ነው ይላል። ይህን መልስ ግን ዓለም ከዚህ በፊት ሰምቶታል።

በፈረንጆቹ 1944፣ መጋቢት ላይ፣ ዩ-852 የተባለች የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ «ፔሌዎስ» የምትባል የግሪክ የጭነት መርከብ አትላንቲክ ላይ አሰጠመች። አዛዧ ሃይንዝ ኤክ በዚያ አላበቃም። መርከበኞቹ የተንጠለጠሉባቸው ተንሳፋፊዎችና ስብርባሪዎች በመትረየስና በእጅ ቦምብ እንዲመቱ አዘዘ። ከ35 መርከበኞች ታሪኩን ለመናገር የበቁት 3 ናቸው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰርጓጇ እዚሁ እኛ ጎረቤት፣ ሶማሊያ ዳርቻ፣ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ተመትታ ጠረፍ ላይ ቀረች። ኤክ የጉዞ መዝገቡን እንኳ ሳያጠፋ ተያዘ። ሐምቡርግ ላይ ለፍርድ ሲቀርብ ምን አለ መሰላችሁ? ሰው ለመግደል አስቤ አይደለም፣ ስብርባሪውን ለማጥፋት ነው አለ። አውሮፕላኖች አይተውት ዱካዬን እንዳያገኙ ብዬ ነው አለ። የእንግሊዝ ጦር ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። ኤክና ሁለት መኮንኖቹ ኅዳር 1945 ላይ ተረሸኑ።

ልብ በሉ፣ ኤክ የነበረው እውነተኛ ጦርነት ውስጥ ነው። የሚያሳድዱት አውሮፕላኖች ነበሩ። ሌሊት ነበር፣ ጨለማ ነበር። ጭጋግ ከተባለ የእሱ ይሻል ነበር! የዋሽንግተኖቹ ግን ምን ፈርተው ነው? ሁለት ሰዎች በስባሪ ጣውላ ሚያሚን እንዳይወሩ?

ፔንታጎን ራሱ ባሳተመው የጦር ሕግ መመሪያ፣ ሕገ ወጥነቱ ግልጽ ለሆነ ትእዛዝ የሰጠው ምሳሌ መርከብ ሰጥሞባቸው ባሕር ላይ በቀሩ ሰዎች ላይ ተኩሱ የሚለውን ነው። የሌላ አገር ሕግ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «አንተ ደግሞ፣ ለዕፅ አዘዋዋሪ ታለቅሳለህ?» አለኝ። ማን ፈረደባቸው? የትኛው ዳኛ? ዕፅ ሰው ይገድላል፣ አልክድም። ግን አሜሪካውያንን የሚጨርሰው ፌንታኒል የተባለው ሰው ሠራሽ ዕፅ በአብዛኛው የሚገባው ከሜክሲኮ በየብስ ነው። ደግሞ ሄግሴት ስለ ጭጋግ ባወሩበት በዚያው ሳምንት የቀድሞው የሆንዱራስ ፕሬዚዳንት ሁዋን ኦርላንዶ ሄርናንዴዝ ከእስር ወጥተዋል። ኒውዮርክ ላይ ኮኬይን ወደ አሜሪካ በማስገባት ሤራ ጥፋተኛ ተብለው 45 ዓመት የተፈረደባቸው ሰውዬ ናቸው። ትራምፕ ይቅርታ አደረጉላቸው። የተፈረደበት ቤቱ ይገባል፣ ያልተፈረደበት ባሕር ውስጥ ይቀራል። ይሄን ነው ፖሊሲ የሚሉት።

ወዳጄን ያናደደው ግን ቀጥሎ የጻፍኩለት ነው። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 የመን ውስጥ ሰዓዳ ላይ የአፍሪካ ስደተኞች የታሰሩበት ማቆያ በአሜሪካ አውሮፕላን ተመታ። ሁቲዎች 68 ሰው ሞተ አሉ። አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ነበሩ። እናም ጠየቅኩት፦ ከጅቡቲዋ የወደብ ከተማ ኦቦክ ተነስታ ቀይ ባሕርን የምታቋርጥ፣ ወጣት የጠቀጠቀች ጀልባ ከላይ በካሜራ ስትታይ ምን ትመስላለች? የእኛ ሰፈር ልጆች ትመስላለች ወይስ «ዒላማ»?

እስካሁን አልመለሰልኝም። ቴሌግራም ላይ ግን ማንበቡን አይቻለሁ።