የገበሬውን ከረጢት መልሱ

የአዳማ ሰዎች፣ ስሙኝ። ክረምት ሲቃረብ ማታ ማታ ሸራ የለበሰ ባጃጅ ከገጠር ይገባል። ሸራው ሲገለጥ በድጎማ ለገበሬው የመጣ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። አውራጁም፣ ተቀባዩም፣ በር ላይ ቆሞ የሚያየው ጎረቤትም ከየት እንደመጣ ያውቃል። ማንም አይጠይቅም። ይህ ሌብነት ነው፣ ያውም ከደሃ ጓዳ።

የማዳበሪያ ድጎማ ለገበሬው በእጁ የሚቆጠርለት ብር አይደለም። ማዳበሪያው ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ይገባል፤ በዩኒየን፣ ማለትም በገበሬ ማህበራት ኅብረት በኩል፣ ቀበሌ ያለው የገበሬዎች መሠረታዊ ማህበር ይደርሳል። መንግሥት የሸፈነው የዋጋ ልዩነት እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ነው ያለው። ከረጢቱን የወሰደ ድጎማውን ወሰደ ማለት ነው። በ2014 የዓለም ዋጋ ሲንር 15 ቢሊዮን ብር ለዚሁ ተመድቧል። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪ ሥርዓቱ ተቀየረና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ጭነቱ የሚገዛው በዶላር ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ብር ደግሞ ከደሞዛችን ከሚቆረጠው፣ ከምንከፍለው ግብር የሚመጣ ነው። ስለዚህ "እኔን አያገባኝም" የሚል አይኑር።

ባለፈው ክረምት አንድ ማህበር መጋዘን ደጃፍ ላይ አንዲት እናት አየሁ። መታወቂያቸውን በመሀረብ ቋጥረው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈዋል። ተራቸው ሲደርስ መዝጋቢው ገጹን ገለጠና "እማማ፣ እርስዎ እኮ ወስደዋል" አላቸው። ስማቸው ፊት ለፊት የጣት አሻራ አለ። "ልጄ፣ ዛሬ ገና መምጣቴ ነው" አሉ። ጣታቸውን ዘርግተው አሳዩት። ቀለም የለበትም። ከኋላ የተሰለፍነው ዝም አልን። ያ ዝምታ እስከዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

እርሻ እንደ ሱቅ ነገ ይደረስበታል አይባልም። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር አብሮ መሬት ይገባል። ዩሪያ በኋላ፣ ሰብሉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ይጨመራል። ቀኑ ካለፈ ማዳበሪያው ቢገኝም ብዙ አይረዳም። ወለንጪቲ በኩል ደግሞ ዝናቡ ራሱ ቶሎ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ ከረጢቷን የተነጠቀ ገበሬ ጤፉ ቢጫ ሆኖ ሲቀር፣ እኛ እዚህ ገበያ መሃል ቆመን "ጤፍ ናረ" እንላለን።

በቆቃና በመቂ በኩል በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታለማ ወንድሜ፣ የግብዓት እጥረትህን አውቃለሁ። ወረዳውን ወጥረህ ያዝ፣ ተመዝገብ፣ ተከራከር። ከደላላ አትግዛ። ባንተ ብር ነው የዚያች እናት ስም የተፈረመበት።

የማህበር ኮሚቴዎች፣ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እያላችሁ ስንት ዘመን ልትኖሩ ነው? የሞተ ሰው ስም፣ መሬቱ ለከተማ ከተካለለ የቆየ ሰው ስም ዝርዝሩ ውስጥ የምታቆዩ፣ ነገ በዚያው ቀበሌ ለቅሶና ሠርግ ላይ ከነዚሁ ገበሬዎች ጎን ትቀመጣላችሁ። በምን ዓይናችሁ ታይዋቸዋላችሁ?

ድርሻህን የምትሸጥ ገበሬም አለህ። ዕዳ ጠፍሮህ እንደሆነ ይገባኛል፤ አንተ ላይ አልጮህም። ግን ሰኔ ላይ የሸጥከው ከረጢት ኅዳር ላይ የሚያጎድልብህን ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ከመሸጥህ በፊት ማህበርህን ብድር ጠይቅ።

እኛ ከተሜዎችም ገጠር ዘመድ የሌለን ጥቂት ነን። ዘንድሮ ግንቦት ሳያልቅ ደውሉላቸው። የተጠቃሚዎች ዝርዝር ከነመጠኑ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍና በቀበሌ ስብሰባ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አብረው ይጠይቁ። የጣት አሻራ ሲወሰድ ባለቤቱ እዚያው ይቁም። ማታ ባጃጅ ሲያራግፍ ያየ ሰው ደግሞ በማግስቱ ወረዳ ሄዶ ይናገር።