ከምሳው በፊት መኪናውና ሽንት ቤቱ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዘዘው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ለሁለት ዓመት ልጇ ማቆያ ያገኘች ሠራተኛ፣ ምድጃ ለኩሰው የሚረሱ እናቷን የምታውልበት ግን የላትም። ወይ በር ቆልፋባቸው ትሄዳለች፣ ወይ ሰው ትቀጥራለች፣ ወይ ሥራዋን ትለቃለች።

ጧሪ የሌላቸውን እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ይቀበላሉ። ለድሃ አረጋዊ ሴፍቲኔት የሚባለው የመንግሥት የከተማ ድጋፍ ፕሮግራም አለ። ቤተሰብ እያላቸው ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ሰው የሚያጡት ግን ከሁለቱም ወድቀዋል። ድሮ ይህን ክፍተት የሚሸፍነው ጎረቤት ነበር፤ በ2016 የፒያሳ፣ በ2017 የካዛንችስ መንደሮች ሲፈርሱ «እስክመለስ እማማን እይልኝ» የሚባለውም ሰው አብሮ ተበተነ።

ለእነዚህ አረጋውያን የቀን ማቆያ ለመክፈት አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። አራዳና ቂርቆስ ውስጥ በወር አንድ እሑድ ስብሰባ ተደርጎባቸው ሌላውን ቀን ተቆልፈው የሚውሉ የእድር ቤቶች አሉ። ችግሩ በሥራ ቀን ቀብር ሲኖር ነው፤ ወንበሩም ድስቱም ወደ ድንኳኑ ይሄዳል። ስለዚህ ማቆያው ከእድሩ ቤቱን ብቻ ተከራይቶ ወንበርና ድስት የራሱ ይሁን። ወንበሩም መደገፊያና የክንድ ማረፊያ ያለው፣ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ከአግዳሚ ላይ ሽማግሌ ሰው ያለ ረዳት አይነሳም።

ሥራው የሚሰናከለው በብዛት መጓጓዣው ላይ ነው። 12 ሰው የሚጭን ሚኒባስ ምርኩዝና ተሽከርካሪ ወንበር ሲጨመርበት ከሰባትና ስምንት አረጋዊ በላይ አይዝም። በየደጁ ሰው አውጥቶ ለማሳፈር ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይወስዳል፤ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖርማ ሁለት ጉልበተኛ ሰውና ሩብ ሰዓት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የተሳፈሩት እንግዲህ አንድ ሰዓት ያህል መኪና ላይ ናቸው። ብዙዎቹ ደግሞ ጠዋት የሚያሸና የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳሉ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ያመለጣቸው ሰው በማግስቱ ለማንም ሳይናገሩ ኪኒኑን ይተዋሉ፤ ከሳምንት በኋላ እግራቸው ያብጣል። መፍትሔው ሐኪሙን አማክሮ የኪኒኑን ሰዓት ማዛወርና ከአንድ ሠፈር ርቆ ሰው አለመመዝገብ ነው። 20 ሰው ለመጀመሪያ ዓመት ይበቃል።

ሁለተኛው መሰናክል ሽንት ቤቱ ነው። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ጉልበቱን ለሚያመው ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። መቀመጫ፣ ግድግዳ ላይ በደንብ የታሰረ የብረት መያዣ፣ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ በር ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ለ20 ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ብናስብ 500 ሊትር ነው፤ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አራት ቀን ያቆያል። የማቆያው መግቢያ በር ላይ ሦስት ደረጃ፣ ማለትም 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለ፣ መወጣጫው 5.4 ሜትር መርዘም አለበት፤ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ነው ሒሳቡ። ግቢው ከጠበበ ይታጠፋል እንጂ አያጥርም። ሁለት ሜትር ሲሚንቶ አፍስሶ ራምፕ ነው ማለት ቁልቁል ሲወርዱ ተሽከርካሪ ወንበሩን ከገፊው እጅ ማስመለጥ ነው።

ምሳውን በተመለከተ ጾሙን ሳያስብ የሚያበስል ማቆያ ሰው ይጎዳል። ኢንሱሊን ጠዋት ተወግተው እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምሱ እናቶች አሉ። ስኳራቸው ሲወርድ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባጥራሉ፤ ያልሠለጠነ ተንከባካቢ «ዛሬ ደግሞ እርጅናው ባሰባቸው» ብሎ ያልፋል። የደም ስኳር መለኪያው ከ70 mg/dL በታች ካሳየ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት ነው። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥም፣ ወደ ጤና ተቋም ይሮጣል። ስለ ጾሙ ደግሞ ከነርሷ ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ፤ በረመዳንም እንዲሁ ከኢማሙ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ የመርሳት ሕመም ያለባቸው «ቤቴ ውሰዱኝ» ማለት ይጀምራሉ፤ ቤታቸው የሚሉትም ምናልባት የፈረሰው ሠፈር ነው። መከራከር ያብሳል። ቡና የሚፈላው፣ ባቄላ የሚፈለፈለው በዚያ ሰዓት ይሁን። በሩ ላይም አንድ ሰው ይቁም።

ለምሳ ለጋሽ አይጠፋም፤ በበዓል ሰንጋ ይመጣል፣ ፎቶም ይነሣል። ለሹፌሩና ለረዳቱ ደመወዝ፣ ለሽንት ቤቱ ጠጋኝ የሚከፍል ግን አይገኝም። ወረዳው ሊሸፍን የሚገባው ይህን ነው፤ እህሉን ለእድሩና ለሠፈሩ ይተውላቸው።