ስፒከራችሁ ይባረክ

የጆሮ ማዳመጫ የሚባለውን ኋላቀር ዕቃ ንቀው ስልካቸውን ለሕዝብ ጥቅም ለሚያስጮሁ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ ምስጋና አለማቅረባችን ያሳፍራል። ሚኒባስ ውስጥ ማንም ሳይለምናቸው ስብከቱንም፣ ቀልዱንም፣ አክስታቸው የላከችውን የድምፅ መልእክትም ያካፍሉናል። ቸሮች ናቸው። ቸርነታቸው ባሕር ይሻገራል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም ነበር።

ባለፈው ወር ዱባይ የምንሠራ አምስት ጓደኛሞች ብር አዋጥተን፣ አስጎብኚ ቀጥረን፣ ወፍ ልናይ ስሪላንካ ሄድን። (እናቴ ይህን ስትሰማ "ደጃችን ያለው ወፍ ምን አደረገህ?" ብላኛለች።) የገባነው ሲንሃራጃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ደን። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ቅጠል ጫፍ ላይ ተገትሮ እግር የሚጠብቅ አልቅት። አስጎብኚያችን እስከ ጉልበት የሚደርስ የአልቅት ካልሲ አደለንና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ "ከዚህ በኋላ በጆሮ ነው" አለ። ምስኪን! ማንን ይዞ እንደገባ አላወቀም።

አንዱ ጓዳችን የወፍ ድምፅ የሚያጫውት አፕ ጭኗል፤ ቦርሳው ላይ ደግሞ ብሉቱዝ ስፒከር አንጠልጥሏል። ወፍ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የድሃ ሥራ ነው፤ ባለ ስፒከር ያስጠራል። ያስጠራው የስሪላንካን ቆቅ ነው፤ ከዚያች ደሴት ሌላ የትም የለችም፣ ድምጿ ይሰማል እንጂ ለዓይን አትገኝም። ቆቅ የትም ቆቅ ናት። አንዴ አጫወተላት። ሁለቴ። ከማዶ መልስ መጣ!

ጓዳችን ፊቱ በራ። ድምፁን ጨመረ፤ ማዶም ጨመረች። እሱ ሦስት ጊዜ፣ እሷ ሦስት ጊዜ። "ወዳኛለች" አለ። ከመንገዱ ወጥተን ጭቃው ውስጥ ተንፏቀቅን። አልቅቱ በክብር ተቀበለን፤ እኔ ብቻዬን ሰባት ነቅያለሁ። አሥር ሜትር ስንጠጋ አሥር ትጠጋለች። ደፋር ናት! እንዲህ ያለች ቆቅ በዘሯም አልታየችም። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተጠራራን በኋላ ጓዳችን ትንፋሹን ውጦ፣ ካሜራውን ደግኖ፣ ከአንድ ትልቅ ግንድ ጀርባ ብቅ ሲል፣ ከወዲያ ወገን ካሜራ የደገነ ሰውዬ ብቅ አለ። አንገቱ ላይ ስፒከር። ከኋላው እንደኛ ጭቃ የለበሰ ጓድ። ሰዎቹ አፍረው ዝም ሲሉ ስፒከሮቹ አላፈሩም፤ ፊት ለፊት ቆመው ጥቂት ተጨዋወቱ።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ልተወው። ወፏ የምትሰማው ዘፈን አይደለም። ግዛቴን ሊቀማ ባላንጣ መጣ ብላ ነው። መልቀሟን ትታ፣ አንዳንዴም እንቁላሏን ጥላ፣ የሌለ ጠላት ስታሳድድ ትውላለች። ነገ ሌላ ቡድን ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። አንተ ፎቶህን ለጥፈህ ትተኛለህ፣ እሷ በረሃብ ዘብ ትቆማለች። ነውር ነው! አስጎብኚውም ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ጉርሻው ያለው እኛ ኪስ ውስጥ ነው።

በዚያው አገር ዲፓል ዋራካጎዳ የሚባል የወፍ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 የማያውቀውን የሌሊት ድምፅ ሰማ። የድምፁን ባለቤት በዓይኑ ያየው በ2001 ነው፤ አዲስ የጉጉት ዝርያ ሆና ተገኘች። ስድስት ዓመት! የኛ ሰው በስድስት ደቂቃ ያዛጋል። ግን ማን ይፈርድበታል፣ ባትሪ ያልቃላ።

ማታ ማረፊያችን ውስጥ አስጎብኚው በቀኑ የታዩና የተሰሙ ወፎችን መዝገብ እያነበበ "ቆቅ?" ሲል ጓዳችን እጁን አወጣ። "ሰምቻታለሁ፤ በጣም ቅርብ ነበረች።" ከአጠገባችን ካለው ጠረጴዛ ያ ሰውዬም እጁን አወጣ።

አስጎብኚው ሁለቱንም አየት አደረጋቸውና "ሁለት" ብሎ ጻፈ።