አይጥ አይጠየፍ

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል ለማለት። ዛሬ ስሙን በሥራ የወረሰው የየቤታችን ኮርኒስ ነው። ንጉሡ እንኳ እንግዶቻቸውን አይደብቁም ነበር። እኛ ዘንድ አቦል እየተቀዳ ከላይ የግልቢያ ድምፅ ሲመጣ፣ ባለቤቲቱ ጀበናዋን ሳታስቀምጥ «የጦሳ ተራራ ነፋስ እኮ ነው» ትላለች። ጎረቤቲቱም «ኧረ እትዬ፣ የእኛንም ቤት አላስተኛን ብሏል» ብላ ታግዛታለች። ነፋስ ጆንያ ሲበሳና ጥቁር ፍሬ ሲጥል ግን ታይቶ አያውቅም።

የኮርኒስ አይጥ መሰላል አትለምንም። ጣሪያ የነካ ቅርንጫፍ ወይም ሻካራ የጭቃ ግድግዳ ይበቃታል። በሯን የከፈተላት አናጢው ነው፤ ቆርቆሮው ግድግዳው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ከእያንዳንዱ ሞገድ ሥር ክፍተት ይቀራል። አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ለአይጥ ይበቃታል። ትንሿ ዝርያማ እርሳስ ባለፈበት፣ በ6 ሚሊ ሜትር ትሾልካለች።

እኛ ቀዳዳ ስናይ ጨርቅ እንጠቀጥቃለን። ጨርቅ ለአይጥ ፍራሽ ነው። የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ታኝካለች፤ ፎምም እንጨትም አይመልሳትም። የድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦ ጠቅጥቆ፣ በላዩ 1 እጅ ሲሚንቶ በ3 እጅ አሸዋ መለሰን ነው። ለሞገዱ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልሰፋ የሽቦ ወንፊት ይመታበታል።

በአንድ ቅዳሜ ሁሉንም የሚደፍን ጀግና ግን አለ። ውስጥ የቀረችው ወይ የመብራት ገመድ ትቆረጥማለች፣ ወይ የኮርኒሱን አቡጀዲ ቀድዳ መሶቡ ላይ ትወርዳለች። ስለዚህ አንድ ቀዳዳ ይቀራል፤ እሱም በተጨማደደ ጋዜጣ በላላው ይወተፋል። ወረቀቱ 3 ሌሊት ካልተነካ ይደፈናል። ከተነካ ወጥመድ ነው፤ ያውም አንድ ሳይሆን ስድስት፣ ማባበያው ያለበት ጎን ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ ግድግዳ ታክካ ስለምትሮጥ። አይጥ አዲስ ዕቃ ትጠረጥራለችና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሌሊቶች ሳይጠመድ የኦቾሎኒ ቅቤ ትጋበዝበት።

አንድ ኮርኒስ በሚጋሩ ቤቶች አንዱ ሲደፍን አይጧ ወደ ሌላው ትዛወራለች። ሁሉም በአንድ ሳምንት ቢደፍን ይበጅ ነበር፤ ዕድሩ ላይ ይነሳ ቢባል ግን «እኛ ጋ የለም» የማይል አባል ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ሁሉም በየጓዳው መርዝ ይገዛል። ደም የሚያቀጥነው ዓይነት ለመግደል ቀናት ይፈጅበታል። «ውሃ ፍለጋ ወጥታ ውጭ ትሞታለች» የሚባለውም የሻጭ ወሬ ነው፤ እዚያው ጎጆዋ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ የሞተችውን የበላች የጎረቤት ድመትም ልትከተላት ትችላለች። ከዚያ ሽታው ከኮርኒሱ ሲወርድ ዕጣን ይጨመራል።

«ምነው ዛሬ ጭሱ በዛሳ?»

«ነፋሱን ላስወጣው ብዬ ነው።»