«ዶክተሩ ያዘዘውን ስጪ!» አትበሉን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ነርስ ነኝ፤ ብዙ ሌሊት ዲውቲ አድሬያለሁ።

አንድ ሌሊት ዋናው ሐኪም ስላልነበሩ ዲውቲ የሚሸፍን ሌላ ሐኪም መጣ። ለዚያች ሌሊት ብቻ። ዋርዱን አያውቀውም፣ በሽተኞቹን አያውቃቸውም፣ እኛንም አያውቀንም። ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ ሲሠራ ውሎ ዓይኑ ቀልቷል። ፖታሲየም የሚባለው የደም ማዕድን የወረደባቸው አንዲት እናት ተኝተው ነበር። ቻርታቸው ላይ ፖታሲየሙ በቀጥታ በደም ሥር እንዲወጋ ጻፈ። ፖታሲየም በብዙ ፈሳሽ ተበርዞ፣ ቀስ እያለ ነው የሚገባው። በአንዴ ከተወጋ ልብ ያቆማል። ይህን የነርስ ተማሪም ያውቀዋል።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ በድሪፕ ማለትዎ ነው?» አልኩት።

«የተጻፈውን ስጪ» አለኝ።

አልሰጠሁም። ለዋናው ሐኪም ልደውል ስወጣ አስታማሚዎቹ በር ላይ ያዙኝ። «ዶክተሩ ያዘዘውን ለምን አትሰጪም? አንቺ ማን ነሽ?» የእናትየው ልጅ እጁን አነሳብኝ። እንደምንም አልፌ ደወልኩ። ዋናው ሐኪም ወዲያው ትዕዛዙን ቀየሩት። እናትየው በሦስተኛው ቀን ወደ ቤታቸው ሄዱ። ልጃቸው ዲውቲውን የሸፈነውን ሐኪም አመስግኖ፣ እኔን ገላምጦኝ ወጣ።

ያ ግልምጫ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አብራኝ የነበረች ጀማሪ ነርስ ያን ሁሉ አይታለች። ነገ ብቻዋን ስትሆን አፏን ትከፍታለች? እኛን ዝም የሚያሰኘን አለቃ ብቻ አይደለም። እናንተም ናችሁ።

ነርስ ተናግራ ሰሚ ስታጣ ምን እንደሚመጣ ከአውስትራሊያ ስሙ። ኩዊንስላንድ ውስጥ ቡንዳበርግ የምትባል ከተማ አለች። በ2003 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሆስፒታሏ ጃያንት ፓቴል የሚባል ቀዶ ሐኪም ቀጠረ። የተመዘገበው የሐኪም እጥረት ላለበት አካባቢ በሚሰጥ ልዩ ፈቃድ ነበር። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ በሥራው ላይ ገደብ ተጥሎበት፣ ኒውዮርክ ላይም ፈቃዱን አስረክቦ እንደነበር ያጣራ አልነበረም። ችግሩን ቀድመው ያወቁት ነርሶቹ ናቸው። እነሱ የሚያዩት የሚያመረቅዘውን ቁስልና የሚፈታውን ስፌት ነው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊዋ ነርስ ቶኒ ሆፍማን ለአለቆቿ ደጋግማ ተናገረች፣ ጻፈችም። እነሱ ግን የሁለት ሰው ጠብ አድርገው ቆጠሩት። በሽተኞቻቸውን ከሐኪሙ እስከ መደበቅ የደረሱ ነርሶች እንደነበሩ በኋላ ምርመራው ላይ ተነግሯል። እስቲ አስቡት፣ በሽተኛን ከሐኪም መደበቅ!

በመጨረሻ ሆፍማን አንድ የምክር ቤት አባል ዘንድ ሄደች። በመጋቢት 2005 ጉዳዩ ኩዊንስላንድ ፓርላማ ላይ ተነሳ። ከዚያ አንድ ጋዜጠኛ የሐኪሙን ስም ጎግል ላይ ጻፈ፤ የአሜሪካው ታሪኩ ወጣ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ፓቴል በበሽተኞቹ ሞት ተከሶ የተፈረደበት ፍርድ በ2012 ተሽሯል። በ2013 ግን ፈቃዱንና ሥራውን ያገኘው አጭበርብሮ መሆኑን ራሱ አምኗል።

ዲውቲ የሚሸፍን ሐኪም ሁሉ አደገኛ ነው አላልኩም። ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ሌሊቱን የሚያድን አይኖርም። ግን ለአንድ ሌሊት የመጣ ሰው፣ ጎበዝም ቢሆን፣ የትኛው በሽተኛ ትናንት እንደተዝለፈለፈ አያውቅም። ያንን የምታውቀው ሲስተር ናት። እናንተ ግን ነጭ ጋዋን ስታዩ ትነሳላችሁ፣ እሷን ግን «ነርስ ናት፣ ምን ታውቃለች» ትላላችሁ። ይህን ተዉ! መርፌ ይዛ ስታመነታ አትጩኹባት። ምን እንዳሳሰባት ጠይቋት። ልደውል ካለች መንገድ ልቀቁላት። አዲስ ሐኪም ሲመጣም ስሙንና ከየት እንደመጣ በትህትና ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

የዚያች እናት ልጅ፣ ምናልባት ይህን ታነብ ይሆናል። ያን ሌሊት በር ላይ ስትይዘኝ፣ ስለ እናትህ ስልክ ልደውል ነበር የምሄደው።